ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ

በእኛ አገር ልጅ "ሥራ አገኘሁ" ብሎ ሲደውል ከደሞዙ እኩል የሚጠየቅ ነገር አለ። "ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት?" ቋሚ ነው ካለ ቤቱ እፎይ ይላል። ቋሚ ሠራተኛ ለሌላ ሰው ዋስ ይሆናል። ብድርና ቁጠባ ይገባል። ሽማግሌ ለመላክም አያፍርም። ኮንትራት ከሆነ ግን "በርታ፣ ለጊዜው ነው" ይባላል። ሌላ ፈልግ ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኔ ሁሌም ትልቅ ጥያቄ ነው። ሕጉ ቋሚነትን የሚረዳበት መንገድና እኛ የምንረዳበት መንገድ አንድ አይደለም። ልዩነቱን በደንብ ያየሁት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ታሪክ ስከታተል ነው። በሕጉ መነሻ ሐሳብ ብንሄድ፣ እዚያ ማሽን ላይ የተቀመጠች ልጅ ቋሚ ሠራተኛ ናት። በኑሮዋ ግን የሚቀጥለውን ዓመት እዚያው ሆና ማሰብ አትችልም ነበር። ጉዳዩን ከሥሩ ልናገር።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የቻይናው ሲሲኢሲሲ ኩባንያ በ9 ወር ገደማ ገንብቶ አስረከበው። 52 ሸዶች፣ ማለትም የፋብሪካ አዳራሾች፣ አሉት። ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ያኔ የነበረውን ስሜት የሚያስታውስ ያስታውሳል። የሥራ አጥነት መድኃኒት ተገኘ ነበር የተባለው።

ቀዳሚው ትልቅ ስም የአሜሪካው ፒቪኤች ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት ልብሶች ባለቤት ነው። እሱን ተከትለው የእስያ አምራቾች ገቡ። የመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጉልበቱ ርካሽ ነበር፣ መብራቱ ርካሽ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጎዋ ነበር። አጎዋ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ከተፈቀደላቸው የአፍሪካ አገሮች የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ያደርጋል። በልብስ ንግድ ውስጥ ቀረጥ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሸሚዝ ላይ የሚተርፈው ሳንቲም ስለሆነ ቀረጡ ብቻውን ፋብሪካ ያስከፍታል፣ ፋብሪካ ያዘጋል።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከሲዳማና ከአካባቢው ወረዳዎች ነው የመጡት። ምልመላው በአካባቢ አስተዳደር በኩል ይካሄዳል። ልጆቹ ይመዘገባሉ፣ የእጃቸው ቅልጥፍና ይፈተናል፣ ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ ለፋብሪካ ይላካሉ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ደሞዛቸው ነው። ከቤተሰብ ርቀው ሲኖሩም የመጀመሪያቸው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 አንድ ትልቅ ነገር ይላል። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በቁርጥ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። አንድ ቁርጥ ሥራ ተሰጥቶ ሲያልቅ የሚያበቃ ከሆነ፣ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሰው ለመተካት፣ ሥራ ከመጠን በላይ ሲበዛ፣ በየወቅቱ ለሚመጣ ሥራና የመሳሰሉት። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ዋና ሐሳቡ ያው ነበር።

ይህን አንቀጽ በጣም እወደዋለሁ። አሠሪው "ኮንትራት ነው" ብሎ ስለጻፈ ብቻ ኮንትራት አይሆንም ማለት ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ ሠራተኛውም በዚያው ልክ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ልብስ መስፋት ጊዜያዊ ሥራ ሊባል አይችልም። ስለዚህ የሐዋሳዋ ኦፕሬተር 60 የሥራ ቀን የማይበልጠውን የሙከራ ጊዜ ካለፈች ሕጉ ከጎኗ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ልትባረር አትችልም። ከተባረረች ወደ ሥራ የመመለስ ወይም ካሳ የማግኘት መብት አላት።

ግን ቃሉን ልብ በሉት። እኛ "ቋሚ" እንላለን። ሕጉ ውሉን "ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ" ይለዋል። ቋሚ ማለት በእኛ ጆሮ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ላልተወሰነ ጊዜ ማለት ግን ማብቂያው አልተቆረጠም ማለት ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። የፊታችን ማክሰኞም ሊሆን ይችላል። በዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው የሐዋሳ ታሪክ የተፈጸመው።

መጀመሪያ የሆነው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ልጆቹ ሳይባረሩ በራሳቸው ለቀቁ። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስለ ሐዋሳ ፓርክ ሪፖርት አወጣ። መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ሪፖርቱ ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር ባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ኬንያ 207 ዶላር ይላል። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበርም ጽፏል። ላልተወሰነ ጊዜ የተባለው ውል በአማካይ የሚቆየው አንድ ዓመት ያህል ነበር ማለት ነው።

በ750 ብር ሐዋሳ ውስጥ እንዴት ይኖራል? አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆኖ መከራየት ነው። ፍራሽ መሬት ላይ። ለቤተሰብ የሚላክ ነገር አይተርፍም። ይህ ደግሞ ትልቁ ሕመም ነው። ልጅ ከገጠር ለሥራ ሲወጣ ቤተሰብ የሚጠብቀው አለ። ልጅቷም ራሷ "ትንሽ ትንሽ እልካለሁ፣ እህቴን አስተምራለሁ" ብላ ነው የወጣችው። ከቤት ጤፍና ቆጮ እየተላከላት ፋብሪካ መሥራት ስትጀምር ነገሩ ይገለበጣል። የገበሬው ቤት የልብስ ፋብሪካውን ሠራተኛ ይደጉማል።

አሠሪዎች ስለዚህ ሲናገሩ "የሥራ ባህል የላቸውም" ይላሉ። "ሰዓት አያከብሩም፣ ይቀራሉ፣ አሠልጥነን ይሄዱብናል።" የሥልጠና ወጪው እውነት ነው፣ አልክድም። አንድ መስመር ላይ ሦስት ሰው ከቀረ መስመሩ በሙሉ ይንገዳገዳል። ግን ነገሩን ባህል ብሎ መጥራት ለእኔ ስህተት ነው። ልጆቹ እያሰሉ ነበር።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ፓርኩ ከመከፈቱ ዓመታት በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ጥናት አድርገዋል። በ5 ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ወሰዱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ዕጣ ወጣ። ለአንዱ ክፍል የፋብሪካው ሥራ ተሰጠ። ለሌላው 300 ዶላር የሚያህል መነሻ ገንዘብና አጭር ሥልጠና ተሰጠ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

ውጤቱ ምን ሆነ? የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። በዓመቱ 77 በመቶው ወጥቷል። የፋብሪካው ሥራ ካልደረሳቸው ይልቅ ገቢያቸው አልጨመረም። ጤናቸው ላይ ግን ችግር በዛ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በመጀመሪያው ዓመት በሲሶ ገደማ አደገ። እውነቱን ለመናገር ከ5 ዓመት በኋላ ይህም ልዩነት ጠፍቷል። ስለዚህ "ለሁሉም ገንዘብ ስጡና ጨርሱ" ለማለት አይደለም። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ሰዎቹ ፋብሪካውን የያዙት እንደ ማረፊያ ነው። ሌላ ነገር እስኪገኝ። ወይም ቤት ውስጥ ችግር ሲገባ ለጊዜው መሸሸጊያ።

እንግዲህ ሕጉ ሰውን ከመባረር ለመጠበቅ ተጨነቀ። ልጅቷን ያስጨነቃት ግን መባረር አልነበረም። መቆየት አለመቻሏ ነበር። ከሥራ የማያስወጣ ሕግ አለ፣ ሥራ ላይ የሚያቆይ ደሞዝ የለም። አገሪቱ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበራትም። አዋጅ 1156 አንቀጽ 55 ላይ የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ ግን ለእነዚያ የሐዋሳ ልጆች አልደረሰላቸውም።

አለቃቀቁም ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። በሕጉ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደሞዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። 5 ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የወጣ ደግሞ በመርህ ደረጃ የሥራ ስንብት ክፍያ አያገኝም። አንድ ቀን ጠዋት ሰርቪስ ሳትሳፈር የቀረች ልጅ በሕግ ዓይን ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ለምን እንደቀረች የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከሩቅ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። በዓመቱ፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አሳወቁ። ምክንያት ያደረጉት በጦርነቱ የተፈጸሙ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶችን ነው። ውሳኔው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ጸና። ፒቪኤች ቀኑ እስኪደርስ እንኳን አልጠበቀም። ኅዳር ላይ ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንዲት የሲዳማ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች። ውሏ ላልተወሰነ ጊዜ ነው። ምንም አላጠፋችም። ሱፐርቫይዘሯም ምንም አላጠፋም። ኮታዋን ትሞላለች። ሥራዋ ያለቀው ግን ዋሽንግተን ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ነው። በውሳኔው ላይ የምታውቀውም የምትጠየቀውም የለም። ፍርድ ቤት ብትሄድ የምትከሰው ማንን ነው?

የእኛ ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 28 አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሠራተኛ የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ የምርቱ ተፈላጊነት ቀንሶ ሥራው ወይም ትርፉ ሲቀዘቅዝ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ ደግሞ አንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ ይለዋል። ድርጅቱ ጭራሽ ከተዘጋ ውሉ በሕግ ይቋረጣል። ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው። ማለትም ትዕዛዝ በመቅረቱ የተቀነሰችው ልጅ በሕግ አልተበደለችም። የሚደርሳት ክፍያ አለ፣ እሱን ወስዳ ትሄዳለች።

ክፍያውን እናስላው። ሰው ስንብት ሲባል ትልቅ ገንዘብ ይመስለዋል። አንዲት ልጅ እናስብ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርታለች። መነሻ ደሞዟን 750 ብር እንያዝ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ይታሰባል፣ 750 ብር። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የዚያ ሲሶ ሲሶ ይጨመራል፣ 250 እና 250። እስካሁን 1,250 ብር። ድርጅት ሲዘጋ ወይም ቅነሳ ሲሆን ከዚህ በላይ የ60 ቀን ደሞዝ አለ፣ 1,500 ብር። ጠቅላላ 2,750 ብር። በጊዜው ምንዛሪ 60 ዶላር አይሞላም። ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። አሠሪው ማስጠንቀቂያውን ካልሰጠ የሁለት ወሩን ደሞዝ ይከፍላል። ጭማሪ ያገኘች ልጅ ትንሽ ከፍ ያለ ታገኛለች። ሒሳቡ ግን ይህ ነው።

ስንብቱ የደሞዝ ብዜት ነው። ደሞዙ ትንሽ ከሆነ ስንብቱም ትንሽ ነው። ሕጉ ብዜቱን አስቀመጠ እንጂ የሚባዛውን ቁጥር አላስቀመጠም። ሥራ ላጣ ሰው ወርሃዊ ድጎማ የሚሰጥ መድንም በአገራችን የለም። ስለዚህ 2,750 ብሩ ሲያልቅ ያለው ደረጃ የአባት ቤት ነው።

አንቀጽ 29 ሌላም ነገር ይላል። ቅነሳው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካይ ጋር በመመካከር ይሁን ይላል። ጥሩ ነው። ግን ማኅበሩ የት አለ? የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራተኞችን ለማደራጀት እንቅፋት እየገጠመው መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ማኅበር በሌለበት ምክክር የሚባለው ነገር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። ከዚህም ሌላ በዓመት ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ የሚቀያየርበት ፋብሪካ ውስጥ ማኅበር ማቆም በጣም ከባድ ነው። መሪ የተባለችው ልጅ ራሷ በስድስት ወሯ ትወጣለች። የቋሚነት መጥፋት መብት ማስከበሪያውንም ይዞት ይሄዳል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ፓርኩ አልተዘጋም። ትዕዛዛቸውን ወደ አውሮፓና ወደ ሌላ ገበያ ያዞሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። ለአገር ውስጥ ገበያ ማምረት የጀመሩም አሉ። ለመንግሥትም ቀላል ጊዜ አልነበረም። እኔ የማተኩረው ግን በልጆቹ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ልጆቹ ቀጥሎ የት ሄዱ የሚለው ነው።

ብዙ ወጣት ሴቶች በእነዚያ ዓመታት ዓይናቸው የነበረው ዓረብ አገር ላይ ነው። ሳዑዲ ላይ ለቤት ሠራተኛ በተለምዶ ይጠቀስ የነበረው ደሞዝ ወደ 1,000 ሪያል ነበር። ወደ 266 ዶላር ይሆናል። ከሐዋሳው መነሻ ደሞዝ አሥር እጥፍ። ውሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። የሚኖሩት በአሠሪው ቤት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የተሳሰረው ከአሠሪው ጋር ነው፣ ከአገሩ የሠራተኛ ሕግ ጥበቃም የቤት ሠራተኛ ብዙውን አታገኝም። የደረሰባቸውን በደል ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። ስልክ የተቀማች፣ ደሞዝ የተከለከለች፣ በሳጥን የመጣች ሁሉ አለች።

ያም ሆኖ ይሄዳሉ። ሕግ የሚጠብቀውን ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ሥራ ትተው ሕግ የማይጠብቀውን የሁለት ዓመት ሥራ ይመርጣሉ። ይህን እንደ አለማወቅ የሚቆጥር ሰው ሲገጥመኝ ይከፋኛል። ልጅቷ የምትለካው በሌላ መለኪያ ነው። "በሁለት ዓመት ምን ይዤ እመለሳለሁ?" ብላ ነው የምትጠይቀው። ለቤተሰቧ ቆርቆሮ ቤት፣ ለወንድሟ ባጃጅ፣ ለራሷ ትንሽ ሱቅ። ለእሷ የተረጋጋ ኑሮ ማለት ሱቁ ነው። ሥራው ወደዚያ መሻገሪያ ነው። ሐዋሳ ላይ መሻገሪያው ወዴትም አያደርስም ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። አንቀጽ 9 ጥሩ አንቀጽ ነው፣ ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ባለሀብት ለመሳብ ተብሎ ኮንትራት ቅጥር ይለቀቅ የሚል ሐሳብ ሲነሳ እቃወማለሁ። ግን ብቻውን ባዶ ነው። የደሞዝ ወለል ከሌለ ቋሚነቱ ማንንም አያቆይም። ሥራ ሲጠፋ የሚደግፍ ፈንድ ከሌለ ደግሞ የውጭ አገር ውሳኔ ጉዳቱን በሙሉ ልጅቷ ላይ ይጥለዋል። ፓርክ ሲገነባ ለመብራቱ፣ ለመንገዱ፣ ለፍሳሽ ማጣሪያው ገንዘብ ተይዟል። ገበያው ቢዘጋ ለሠራተኛው ምን ይደረጋል ለሚለውም በዚያው ጊዜ መያዝ ነበረበት። ፋብሪካዎቹ በየወሩ ትንሽ እያዋጡ፣ መንግሥትም እየጨመረ። ከባድ ሒሳብ አይደለም።

ይህን የሚያነብ ከሥራ የተቀነሰ ሰው ካለ፣ ወይም እህቱ የተቀነሰች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ይርጋ፣ ማለትም ጥያቄ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለው። ያለ አግባብ ተባርሬያለሁ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ 6 ወር ነው። ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቁ ክፍያዎችም 6 ወር ነው። ቀኑ ይቆጠራል። ከሐዋሳ ሻንጣዋን ይዛ ገጠር የገባች ልጅ፣ መኸሩን ስታግዝ፣ የታመመ ስታስታምም፣ ፓስፖርት ስታሯሩጥ፣ ስድስቱ ወር ሳታውቀው ያልፋል። የስንብት ወረቀቷን፣ የደሞዝ ወረቀቷንና መታወቂያዋን ይዛ በአቅራቢያዋ ወዳለ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትሂድ።